ጃፓን ውስጥ ሥራ የሚፈለገው ከምረቃ በኋላ አይደለም

(ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ውስጥ በተካሄደ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ድምፃችሁ የፈተና ሰሞን ድምፅ ይመስላል። እስቲ እንደገና፤ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን አገር ቤት ያለሁ መሰለኝ።

በዚህ አካባቢ ብዙ ዓመት የኖራችሁ ታላላቆቻችን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ ደግሞ በዚህ ዓመት የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ከጠዋት ጀምራችሁ እንጀራውንም ቡናውንም ያሰናዳችሁልን፣ እጃችሁ ይባረክ። አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ሐበሻ ሃያ ደቂቃ ሲሰጠው ሰላምታው ብቻ እንደሚፈጀው እያወቁ ነው የሰጡኝ፤ ስለዚህ ቶሎ ልግባ።

ማስተርስ አንደኛ ዓመት የሆናችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። መልካም። ከእናንተ መካከል የሥራ ፍለጋ የጀመራችሁ ብቻ እጃችሁን እንዳወጣችሁ ቆዩ። አያችሁ? ጥቂት ነው የቀረው። ሌሎቻችሁ «መጀመሪያ ልመረቅ፣ ሥራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» ብላችሁ ነው። አገር ቤት ይህ አባባል ትክክል ነው። እዚህ ግን ትክክል አይደለም። ከተመረቃችሁ በኋላ ሥራ መፈለግ የጀመራችሁ እንደሆነ፣ በሩ የተዘጋው ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህችን አንድ ነገር ለመናገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያዋ ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ይህ አገር አዲስ ተመራቂን እንዴት እንደሚቀጥር። ሁለተኛ፣ እነሱ «ኢንታንሺፑ» የሚሉት፣ ሲያሳጥሩት ደግሞ «ኢንታን» የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ። ሦስተኛ፣ እኛ ምን እንደምናደርግ። ቀኖቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው።

አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት የቆማችሁ ትኖራላችሁ። አንገት ወደ ላይ፣ እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት በእጅ። «የትምህርት ደረጃ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት። ብዛት፦ 2። ደመወዝ፦ በስምምነት።» ያችን «0 ዓመት» የምትል መስመር ፍለጋ ስንት ጫማ አልቋል! አሠራሩ ግን ግልጽ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰው ሲጎድለው ማስታወቂያ ያወጣል፤ የሥራ መደቡ ስም አለው፤ አንተም ዲግሪህን ይዘህ ትወዳደራለህ።

እዚህ አገር ትልልቆቹ ኩባንያዎች አዲስ ተመራቂ የሚቀጥሩት በጅምላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ። ተማሪዎቹ ማርች ላይ ይመረቃሉ፤ ኤፕሪል 1 ሁሉም በአንድ ቀን ሥራ ይጀምራሉ። የአቀባበል ሥነ ሥርዓት አለ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ንግግር ያደርጋል፤ ማታ በቴሌቪዥን ዜና ላይ ታዩታላችሁ። ወደዚያ ቀን የሚያደርሰው ጉዞ «ሹሾኩ ካትሱዶ» ይባላል፤ በአጭሩ «ሹካትሱ»፣ የሥራ ፍለጋ ማለት ነው። የጊዜ ሰሌዳው በመንግሥት የሚታወቅ ነው። የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት፣ ማርች 1፣ ኩባንያዎች ስለ ቅጥር መግለጫ መስጠት ይጀምራሉ። ጁን 1 ቃለ መጠይቅና ምርጫ ይጀመራል። ኦክቶበር 1 «ናይቴይ» የሚባለው የቅጥር ማረጋገጫ በይፋ ይሰጣል። በሚቀጥለው ኤፕሪል 1 ሥራ። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። በወረቀት ላይ ያለው ብያለሁ፤ ልብ በሉልኝ።

ታዲያ የሚቀጥሩት ምንን ነው? የሥራ መደብን ነው? አይደለም። ሰውን ነው። ሥነ ጽሑፍ ያጠና ልጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ሆኖ ይገባል፤ ሕግ ያጠናች ልጅ መኪና ሽያጭ ላይ ትመደባለች። የት ክፍል እንደሚመደቡ ብዙዎቹ የሚያውቁት ከገቡ በኋላ ነው። ሙያውን ኩባንያው ያስተምራል። ለዚህ ነው በቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ትምህርታችሁ ብዙ የማይጠይቋችሁ። የሚጠይቋችሁ «ተማሪ ሳለህ በምን ላይ ጉልበትህን አፈሰስህ?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ስም ወጥቶለታል፤ «ጋኩቺካ» ይሉታል። ከእኛ ልጆች አንዱ «በትምህርቴ ላይ» ብሎ መልሶ ዝም አለ። ጠያቂውም ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቁኝ።

ይህ አሠራር ጥሩ ጎን የለውም አልልም። ማርች 2024 ከተመረቁትና ሥራ ከፈለጉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ኤፕሪል 1 ላይ ሥራ የያዙት 98.1 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ሰሌዳው ሥር የቆሙትን ጓደኞቻችሁን አስቡ። ልምድ የሌለውን ሰው፣ ልምድ እንደሌለው እያወቀ የሚቀጥር አገር ነው። ነገር ግን «አዲስ ተመራቂ» የሚለው ማዕረግ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው። ኢኮኖሚው ከወደቀ በኋላ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ባሉት ዓመታት የተመረቁትን «የበረዶ ዘመን ትውልድ» ይሏቸዋል። በዚያች በአንዷ ኤፕሪል ሳይቀጠሩ የቀሩ ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን በጊዜያዊ ሥራ ኖረዋል። ዛሬ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው አሉ። ጃፓናዊው ተማሪ በሃያ ዓመቱ እንዲህ የሚጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ዋናው እሱ ነው።

«ኢንተርን» ሲባል እኛ አገር መጀመሪያ ትዝ የሚለን ማን ነው? ነጭ ጋውን የለበሰ፣ እንቅልፍ ያጣ የሕክምና ተማሪ። ጃፓን ውስጥም እንደዚሁ ነበር። በ1946፣ አገሩ በአሜሪካ ጦር አስተዳደር ሥር ሳለ፣ ከሕክምና ትምህርት ቤት የወጣ ሁሉ ለፈቃድ ፈተና ከመቀመጡ በፊት አንድ ዓመት በሆስፒታል እንዲሠራ ታዘዘ። ያለ ደመወዝ! ሐኪም አይደለም፤ ተማሪም አይደለም። ቁጣው ዓመት እየቆጠረ አድጎ በጃንዋሪ 1968 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ሥራ መታን፣ ትምህርት አቆምን አሉ። ሥርዓቱ በዚያው ዓመት ቀረ፤ ዐመፁ ግን ወደ መላው ዩኒቨርሲቲ ተዛመተና በጃንዋሪ 1969 ፖሊስ ተማሪዎቹ ይዘውት የነበረውን የዩኒቨርሲቲውን ያሱዳ አዳራሽ ሰብሮ እስኪገባ ድረስ ዘለቀ። ይህን የቆየ ታሪክ ያነሣሁት ታሪክ ስለምወድ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

አሁን የምናውቀው ኢንተርንሺፕ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1997 ሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ማለትም ትምህርት፣ ንግድና ኢንዱስትሪ፣ ሥራ፣ አንድ የጋራ ሰነድ አወጡ። ተማሪው በትምህርት ላይ እያለ ከሚያጠናው ዘርፍና ከወደፊት ሙያው ጋር የተያያዘ የሥራ ልምድ የሚያገኝበት ነው ብለው ወሰኑት። እኛ ምህንድስና ስናጠና አንድ መንፈቅ ዓመት ፋብሪካና ኮንስትራክሽን እንደምንወጣው ማለት ነው። ዓላማው ትምህርት እንጂ ቅጥር አልነበረም።

ግን በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች «ተማሪን ቀድመን አንቀጥርም» ብለው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲያፈርሱትና ሲጠግኑት የኖሩት ስምምነት በዚያን ጊዜ ቀረ። ጃፓኖች ተማሪን ቀድሞ ማስፈረምን «አኦታጋይ» ይሉታል፤ ሩዙ ገና አረንጓዴ ሳለ ማሳውን መግዛት ነው። የገበሬ ልጆች ከሆናችሁ ማብራሪያ አያሻችሁም። እህሉን በቡቃያው የሚገዛ ነጋዴ ለምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ ሌላ ነጋዴ እንዳይቀድመው ነው። ስምምነቱ ከቀረ በኋላ የቀጣሪዎቹ ፌዴሬሽን ኬይዳንሬን መመሪያ ያወጣ ነበር፤ በ2018 እሱም በቃኝ አለና የጊዜ ሰሌዳውን መንግሥት ተረከበ። የሚጥሰው ግን ቅጣት የለበትም። የውጭ ኩባንያዎች አይጠብቁትም፤ አዳዲሶቹ የቴክኖሎጂ ድርጅቶችም አይጠብቁትም። የወጣቱ ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ፣ ሰው እየጠፋ፣ ማን ቆሞ ጁንን ይጠብቃል?

ቃለ መጠይቅ ከጁን በፊት አይፈቀድም። ኢንተርንሺፕ ግን ይፈቀዳል። ታዲያ ቀጣሪው በየት በኩል የሚገባ ይመስላችኋል?

ይኸው ነው ምሥጢሩ። በሦስተኛው ዓመት፣ ለማስተርስ ደግሞ በአንደኛው ዓመት፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ተማሪው «ለልምድ» ይገባል። ኬይዳንሬን በ2017 «ቢያንስ አምስት ቀን» የሚለውን መስፈርት ከመመሪያው ሲያወጣው፣ የአንድ ቀን ኢንተርንሺፕ እንደ አሸን ፈላ። አንድ ቀን! ጠዋት ስለ ኩባንያው ታሪክ ይነገራችኋል፤ ከሰዓት በቡድን ትወያያላችሁ፤ ማታ ወደ ቤታችሁ። ይህን ሥራ መልመድ ብሎ መጥራት ድፍረት ነው።

መንግሥትም ድፍረቱ ስለበዛበት ሦስቱ ሚኒስቴሮች በ2022 ሰነዱን አሻሻሉ። አዲሱ አሠራር የጀመረው ማርች 2025 በተመረቁት ላይ ነው። ተማሪ ወደ ኩባንያ የሚሄድባቸው መንገዶች በአራት ተከፈሉ፤ «ኢንተርንሺፕ» ተብለው እንዲጠሩ የተፈቀደላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከሁለቱ አንደኛው በዋናነት ለዶክትሬት ተማሪዎች የታሰበ የረዥም ጊዜ ምርምር ስለሆነ ለጊዜው እንተወው። ሌላውን ግን ያዙት፤ ቢያንስ አምስት ቀን፣ ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ከሆነ ሁለት ሳምንት። ከቀኖቹ ከግማሽ በላይ በሥራው ቦታ መዋል አለባችሁ። ሠራተኛ ይመራችኋል፤ ሲያልቅም ስለ ሥራችሁ አስተያየት ይሰጣችኋል። የሚካሄደውም በረዥም የትምህርት ዕረፍት ነው። በዚህ ዓይነቱ ኢንተርንሺፕ ላይ ያየውንና የመዘገበውን ነገር ኩባንያው ከማርች በኋላ ለቅጥር እንዲጠቀምበት ተፈቀደለት። ሲያደርጉት የኖሩትን በደጅ በኩል አስገቡት ማለት ይቻላል።

ማስታወቂያ ስታነቡ እንግዲህ ይህን እዩ። ስንት ቀን ነው? የት ነው የሚውለው? የአንድ ቀኑ ዛሬም አለ፤ ስሙን ቀይሮ «የሥራ ቅምሻ» ወይም «የኩባንያ ትውውቅ» ሆኗል። አትናቁት ግን። ለምን እንደማይናቅ የራሴን ልንገራችሁ።

ማስተርስ አንደኛ ዓመት ሳለሁ ወደ አንድ ኩባንያ የኦገስት ፕሮግራም ገባሁ። ስሙን ተዉት። ለመግባት ራሱ ማመልከቻ ቅጽ፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሒሳብና የቋንቋ ፈተና፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለው። «ለልምድ» ለሚባል ነገር! ከዚያ አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። የተሰጠን ጥያቄ የሕዝቡ ቁጥር እየቀነሰ ባለ ከተማ ውስጥ በኪሳራ የሚሄድን የአውቶቡስ መስመር እንዴት ማዳን እንደሚቻል ነው። ጥያቄው ተነቦ ሳያበቃ ልጆቹ ሥራ ተሻሙ። አንዱ «እኔ ውይይቱን እመራለሁ»፣ አንዷ «እኔ እጽፋለሁ»፣ ሌላው ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «እኔ ሰዓት እይዛለሁ» አለ። ለዚህ የሚያሠለጥን መጽሐፍ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። ግድግዳው ሥር አንድ ሰውዬ ወረቀት መያዣ ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። አይናገርም። ይጽፋል። አንድ ሰው ሐሳቡን ሲቆርጥበት ሌላው ፊቱ ምን እንደሚመስል እያየ ይጽፋል።

ምሳ ላይ ያው ሰውዬ የምሳ ሣጥኑን ይዞ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠና «ዘና በሉ፣ ይህ ምርጫ አይደለም» አለን። ሁላችንም ፈገግ አልን። እስክሪብቶው ግን ኪሱ ውስጥ አልገባም ነበር።

መኸር ላይ ከመካከላችን ለአንዳንዶቻችን ኢሜይል መጣ። «በፕሮግራማችን ለተሳተፉ ብቻ የተዘጋጀ ልዩ ስብሰባ» ይላል። ለሌሎቹ አልመጣም። ስብሰባው ላይ የሄድን ሰዎች ማመልከቻ ቅጽም የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅም ተነሣልን። ቅኔ የተማራችሁ ሰዎች፣ ሰሙ «ኑ ጎብኙን» ነው፤ ወርቁ «እስቲ እንያችሁ» ነው። ጁን 1 ምርጫ «የሚጀመርበት» ቀን ሲደርስ፣ ከጃፓናውያኑ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቃል የተገባላቸው ናቸው።

ኩባንያዎቹስ ለምን እንዲህ ይደክማሉ? ፈሪ ስለሆኑ ነው። ተማሪው ናይቴይ ይዞ ወደ ሌላ ይሄድብናል ብለው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት እስከ ምን እንደሚያደርስ በ2019 ታየ። ሪኩናቢ የተባለው ትልቁ የሥራ ፍለጋ ድረ ገጽ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ናይቴዩን የመተው ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ከድረ ገጽ እንቅስቃሴው ገምቶ ለኩባንያዎች ሲሸጥ ተገኘ። በቂ ፈቃድ ያልተጠየቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ነበሩበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ ኮሚሽኑም እርምጃ ወሰደ። እናም ክረምቱን በነሱ ዘንድ ያሳለፈ ተማሪ «ይህስ ይመጣል» ተብሎ ይታመናል። የሚመዝኑት ችሎታችሁን ብቻ አይደለም፤ መውደዳችሁንም ነው።

ሦስተኛው። እኛስ?

የጃፓን መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች በሚሰጠው የትምህርት ዕድል፣ በአቤ ኢኒሺየቲቭ፣ የመጣችሁ አላችሁ? አዎ፣ አያለሁ። የእናንተ ይለያል። በ2013 ዮኮሃማ በተካሄደው የአፍሪካ ልማት ጉባኤ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ካስታወቁት ጊዜ ጀምሮ፣ ማስተርሱና በጃፓን ኩባንያ የሚደረገው ኢንተርንሺፕ አብረው የታሰቡ ናቸው። ኩባንያው የሚፈልገው ወደ አፍሪካ የሚያገናኘው ሰው ነው። ጃፓናዊው ጓደኛችሁ ከሚሄድበት ጋር አታምታቱት፤ እዚያ የሚጠበቅባችሁ አገራችሁን ማወቅ ነው። የአዲስ አበባን ገበያ ሲጠይቋችሁ «አጣራለሁ» አትበሉ።

ሌሎቻችን ችግራችን የጊዜ ነው። አብዛኞቻችን የምንመጣው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው። ቤት ስንፈልግ፣ ቆሻሻ መለየት ስንማር፣ ፕሮፌሰሩን ስንለማመድ ጁን ይደርሳል፤ የክረምቱ ማመልከቻ ያን ጊዜ ክፍት ነው። ማንም አይነግራችሁም። ፕሮፌሰራችሁ ምርምሩን እንጂ ይህን አያስብም። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ሜይ ሳይገባ ቅጹን መጻፍ ጀምሩ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ውስጥ የሙያ ማማከሪያ ክፍል አለ፤ ቅጻችሁን በነጻ ያርሙላችኋል፤ ሰው ስለማይሄድባቸው ደግሞ ስትሄዱ ደስ ይላቸዋል።

የቪዛውን ነገር በአጭሩ። ክፍያ የሌለው ኢንተርንሺፕ ፈቃድ አይጠይቅም። ክፍያ ካለው ተጨማሪ ሥራ የመሥራት ፈቃድ ሊኖራችሁ ይገባል፤ በትምህርት ወቅት በሳምንት 28 ሰዓት ነው ጣሪያው፤ በረዥሙ ዕረፍት በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቀዳል። ሳትቀጠሩ ከተመረቃችሁ የሥራ መፈለጊያ ቪዛ አለ፤ ስድስት ወር ነው፣ አንድ ጊዜ ይታደሳል። እሱን ተማምናችሁ ግን አትቀመጡ።

እህቶቼ፣ ለእናንተ አንድ ነገር አለኝ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ ቀድመው ተመርቀው ኩባንያ የገቡትን ሄዶ ማነጋገር የተለመደ ነው። ጠቃሚም ነው። ነገር ግን በ2019 ምክር ፍለጋ የሄዱ ተማሪዎችን ያጠቁ የታላላቅ ኩባንያ ሠራተኞች ቶኪዮ ውስጥ ታስረዋል። ቀን፣ በመሥሪያ ቤት ወይም ሰው በሞላበት ካፌ ብቻ። «ማታ እራት እየበላን» ያለ ሰው ምክሩ ይቅርባችሁ።

መውደቅንም ልመዱት። እዚህ ተማሪ ለብዙ ኩባንያ ያመለክታል፤ ከብዙው ይወድቃል። ደብዳቤያቸው ትሑት ነው፤ መጨረሻው ላይ «ለወደፊት ስኬትዎ እንጸልያለን» ይላል። ተማሪዎቹም መውደቃቸውን ሲያወሩ «ተጸለየልኝ» ይላሉ። እናቴ ደውላ «ምን አሉህ ልጄ?» ስትለኝ «ጸለዩልኝ» አልኋት። «እሰይ! እግዜር ይስጣቸው!» አለችኝ። እውነቱን ለማስረዳት ልብ አጣሁ።

ዛሬ እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነኝ። በምሠራበት ኩባንያ ክረምት ክረምት ተማሪዎችን የምመራው እኔ ነኝ፤ ሲጨርሱ ቅጽ እሞላለሁ። ከመጨረሻዎቹ ሰዓቶች በአንዱ «ጥያቄ አላችሁ?» እንላቸዋለን። ይህ ጥያቄ ራሱ ፈተና መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ያንኑ ይጠይቃል፤ «የሥራው አስደሳች ጎን ምንድን ነው?» እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። አንዲት ልጅ ግን ባለፈው ክረምት «በዚህ ሳምንት ካየናቸው ሥራዎች ውስጥ ለምን እንደሚሠራ እርስዎም የማይገባዎት የትኛው ነው?» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አንድ ማንም የማያነበው ሳምንታዊ ሪፖርት አለ፤ ነገርኋት። አምስቱን ቀን ዓይኗን ከፍታ እንደዋለች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቅጹ ላይ የሰጠኋት ቦታ አልበቃኝም፤ ጀርባው ላይ ጻፍሁ። የሌሎቹን ጥያቄ አሁን ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ፤ አዘጋጁ እያሳየኝ ነው። አንድ ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል፤ እሱን ልመልስና ልውረድ። «ጃፓንኛዬ ደካማ ነው፤ የሚቀበለኝ አለ?» ይላል። አለ፣ ግን ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛ የሚሠሩ የውጭ ኩባንያዎችና ትናንሽ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች አሉ፤ እነዚህ ወራት የሚቆይና በሰዓት የሚከፈል ኢንተርንሺፕ ይሰጣሉ፤ ከአምስት ቀኑ ይልቅ እኔ የምመክረው ይህን ነው፤ እውነተኛ ሥራ ያሠሯችኋልና። ትልልቆቹ ግን በጃፓንኛ ቋንቋ ፈተናው ኤን 2፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉ ከፍ ያለውን ደረጃ፣ ኤን 1ን፣ ይፈልጋሉ። የኮምፒውተሩ ፈተና ደግሞ ከቋንቋው በላይ ፍጥነቱ ነው የሚገድለው፤ ሒሳቡን ብትችሉትም ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ሰዓቱ ያልፋል። መለማመጃ መጽሐፉ በየመጻሕፍት መደብሩ አለ፤ ያገለገለውን ግዙ፣ ርካሽ ነው። እኔ የሠራሁባቸውን ሁለቱን ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡናው አጠገብ አስቀምጫቸዋለሁ። የሚፈልግ ይውሰድ፤ ሲጨርስ ግን ለሚቀጥለው ያስተላልፍ።

አመሰግናለሁ።